መርከብ ላይ «ወራጅ አለ» አይባልም

እማዬ መርከብ ላይ ከመውጣቷ በፊት በቅርብ ያየችው ትልቁ ውሃ ቦዬ ነው። ከጅማ ወደ አዲስ አበባ ሲወጣ ከመንገዱ ዳር ያለው፣ ጉማሬ የሚታይበት ረግረግ። ከዚያ አሜሪካ ያለችው እህቴ ጠራችንና ከማያሚ በሚነሳ የመዝናኛ መርከብ ካሪቢያን ላይ ሰባት ሌሊት አሳለፍን። ከተመለስን ወዲህ ሁሉም ሰው ስለ ጉዞው ይጠይቀኛል። ምግቡ እንዴት ነው? ማዕበል አለ ወይ? ያስመልሳል ወይ? ስለ መውረዱ የጠየቀኝ ግን አንድም ሰው የለም። እኔን ላብ በላብ ያደረገኝ ደግሞ መውረዱ ነው።

አሁን ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ልጆቻቸው ውጭ የሚኖሩ ሁለት ጎረቤቶቻችን ተራው ደርሷቸው እየተዘጋጁ ነው። ቡና ላይ ቁርጥራጩን ከማወራላቸው ብዬ እንዲህ ጻፍኩት።

መጀመሪያ መርከቡ ለምን እንደዚያ እንደሚጣደፍ እወቁ። ወደቡ ላይ የሚደርሰው ንጋት 11 ወይም 12 ሰዓት ላይ ነው። አዲሶቹ ተሳፋሪዎች ረፋድ 5 ሰዓት ገደማ መግባት ይጀምራሉ። ከሰዓት 10 ሰዓት አካባቢ መርከቡ እንደገና ይነሳል። በዚህ መሃል ያለው ሰው ሁሉ ወርዶ፣ ሻንጣው ወርዶ፣ እያንዳንዱ ክፍል ጸድቶ፣ አንሶላ ተቀይሮ፣ ምግብ ተጭኖ ማለቅ አለበት። በ2024 ሥራ የጀመረው አይከን ኦቭ ዘ ሲስ የሚባለው መርከብ ሲሞላ 7,600 መንገደኛ ይይዛል። 60 ሰው በሚጭን አውቶቡስ ብንቆጥረው ከ120 አውቶቡስ በላይ ነው። ያን ሁሉ አውቶቡስ አንድ ጠዋት ላይ ጅማ መናኸሪያ አራግፉት እስቲ።

ስለዚህ የመውረዱ ነገር ዘጠኝ እጁ የሚያልቀው በዋዜማው ማታ ነው። ለጠዋት የሚቀረው መጠበቅ ብቻ ነው። እኛ ደግሞ መጠበቅ ላይ ትንሽ እናነክሳለን።

ሰዓቱን እንስማማ

የሻንጣ ወረቀታችን ላይ የመውረጃው ሰዓት 7:30 ይላል። እማዬ አየችውና «ታዲያ ምን አጣደፋችሁ? ከምሳ በኋላ ነው እኮ» አለች። ሳቅን። ግን እውነቷን ነው፣ በእኛ 7:30 ከምሳ በኋላ ነው። በእነሱ ግን ከጠዋቱ 1:30። ብቻዋን ብትሆን ኖሮ ተረጋግታ ትተኛ ነበር። አዛውንት ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር በትልቁ ጽፋችሁ መስታወቱ ላይ ለጥፉላቸው። እዚህ የምጽፈው ሰዓት በሙሉ በእኛ ነው። የመርከቡን ወረቀት ስታነቡ ስድስት ሰዓት ማመሳሰሉ የእናንተ ፋንታ ነው።

ስልክም ያሳስታል። መርከቡ የሚሄድበት የራሱ ሰዓት አለው። ስልካችሁ ግን ባለፋችሁበት ደሴት አንቴና ሰዓቱን በራሱ ሊቀይር ይችላል። ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉትና ሰዓቱን በእጃችሁ አስተካክሉ። ይሄ ለሌላም ይጠቅማል። ባሕር መሃል የመርከቡን ኔትወርክ ከያዘ ሮሚንጉ ኪስ ያራቁታል።

ሁለት ቀን ሲቀር፦ እንዴት እንደምትወርዱ ወስኑ

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ሻንጣን ራስ ተሸክሞ መውረድ ነው። እነዚህ ሰዎች ቀድመው ይወርዳሉ፣ ብዙውን ጊዜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት አካባቢ ጀምሮ። ግን ዕቃውን በሙሉ፣ ያለ ማንም እርዳታ፣ ሊፍቱ ቢሞላ በደረጃም ቢሆን ራሳቸው ያወርዳሉ። አንድ ቦርሳ ላለው ወጣት ይሄ ይሻላል። ሁለተኛው ሻንጣን ማታ ለሠራተኞች አስረክቦ፣ ጠዋት በቁጥር እስኪጠሩ ጠብቆ፣ እጅን እያወዛወዙ መውረድ ነው። እንደ እኛ ሦስት ትልልቅ ሻንጣና ጉልበቷን የሚያማት እናት ላለው ሰው ምርጫም አያስፈልገው።

አውሮፕላን የሚያዝ ከሆነ ለመርከቡ ሪሴፕሽን ተናገሩ፣ ቀደም ያለ ቁጥር ይሰጧችኋል። ትኬት ገና ካልተቆረጠ ደግሞ ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት የሚነሳ በረራ አትያዙ። እኔ ብሆን ከ7 ሰዓት በፊት ያለውንም አላየውም። መርከብ ይዘገያል። ቴክሳስ ያለው ጋልቨስተንና ፍሎሪዳ ያለው ታምፓ በጭጋግ የታወቁ ናቸው። ጭጋጉ እስኪገፈፍ መርከቡ ባሕር ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

ወደቡ ከአውሮፕላን ማረፊያው ምን ያህል እንደሚርቅም ቀድማችሁ እዩ። ፎርት ላውደርዴል ላይ ደቂቃዎች ናቸው። ማያሚ ላይ መንገዱ ካልተዘጋጋ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ግን «ኦርላንዶ» ተብሎ የሚሸጠው መርከብ የሚቆመው ፖርት ካናቬራል ነው፣ ለአውሮፕላን ማረፊያው አንድ ሰዓት ያህል ያዙለት። «ሮም» የተባለውም የሚቆመው ቺቪታቬኪያ ነው። ከሮም 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ቱሉ ቦሎ አውርዶ አዲስ አበባ ገባችሁ እንደማለት ነው።

ዊልቸር የሚያስፈልገው ሰው ካለም አሁን ነው የሚጠየቀው፣ ጠዋት አይደለም። እማዬ መጀመሪያ «እኔ ሽባ ነኝ እንዴ?» ብላ ተቆጣች። እህቴ ከመርከቡ በር እስከ መኪናው ያለውን መንገድ ስትነግራት ዝም አለች። ድልድዩ፣ አዳራሹ፣ የሻንጣው ቦታ፣ የፓስፖርት ሰልፉ። የእግር መንገዱ ረጅም ነው፣ ሲደመር ደግሞ መቆሙ አለ። ተቀመጠች። ኋላ «ንግሥት ሆንኩ» ስትል ነበር።

አንዳንድ ጉዞ ላይ፣ በተለይ አውሮፓ በኩል፣ መርከቡ ፓስፖርት ሰብስቦ ይይዛል። እንዲህ ከሆነ መልሶ የሚሰጥበት ሰዓትና ቦታ ይነገራል። ያን ጊዜ ሌላ ፕሮግራም አትያዙ።

ማታ፣ አንድ፦ ሂሳቡ

መርከብ ላይ ጥሬ ገንዘብ አይሠራም። የክፍላችሁ ቁልፍ የሆነችው ካርድ ኪስ ቦርሳም ናት። ኮካ ጠጥታችሁ ካርዷን ትሰጣላችሁ፣ ሂሳቡ ክፍሉ ላይ ይመዘገባል። የመጨረሻው ማታ የሁሉም ድምር በቴሌቪዥኑ፣ በስልክ መተግበሪያው፣ አለዚያም ከበር ሥር በሚገባ ወረቀት ይመጣል። በዚያው ማታ ቁጭ ብላችሁ መስመር በመስመር እዩት። ጠዋት ሪሴፕሽኑ ጋ ያለው ሰልፍ የቀበሌ ስኳር ሰልፍ ያስመስለዋል።

የእኛ ወረቀት ከክፍሉ ፍሪጅ ሁለት ውሃ ጠጥታችኋል ይላል። ደሜ ፈላ። ተነስቼ ልሟገት ስል እህቴ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። ነገሩ ገባኝና ተመልሼ ተቀመጥኩ። ከቤተሰባችሁ ጋር ሳትነጋገሩ ወደ ሪሴፕሽን አትሂዱ።

ጥሬ ገንዘብ አስይዛችሁ የተሳፈራችሁ ከሆነ ግን ማታውኑ ሄዳችሁ መዝጋት አለባችሁ። በባንክ ዴቢት ካርድ የተመዘገበም ይጠንቀቅ። መርከቡ ማስያዣ ብሎ የሚያግደው ገንዘብ ከወረዳችሁ በኋላም ለቀናት ሳይለቀቅ ሊቆይ ይችላል። የታክሲውን ገንዘብ ከዚያ ሂሳብ ውጭ ያዙ።

ከሂሳቡ ውስጥ ዓይን የሚያስፈጥጠው ቲፑ ነው። በትልልቆቹ የአሜሪካ መርከቦች በተለመደው ክፍል ለአንድ ሰው በቀን ከ16 እስከ 20 ዶላር ገደማ ይታሰባል። ሕፃን አዋቂ ብዙም አይለይም። በ18 ዶላር ብንይዘው ለሦስት ሰው ለሰባት ሌሊት 378 ዶላር ነው። ወደ ብር አትቀይሩት፣ እንቅልፍ ይነሳል። ብዙዎቹ መርከቦች ላይ ይሄን ገንዘብ አስቀንሱልኝ ማለት ይቻላል። የመጨረሻው ማታ ለዚሁ ብቻ የሚሰለፍ ሰው አለ። የራሴን ልንገራችሁ፦ አታድርጉት። ያ ገንዘብ አልጋ ለሚያነጥፈውና ሳህን ለሚያነሳው ሰው የሚከፋፈል ነው። እነዚህ ሰዎች ስድስት፣ ዘጠኝ ወር ያለ አንድ ቀን እረፍት የሚሠሩ ናቸው። ከኢንዶኔዥያ፣ ከፊሊፒንስ፣ ከሕንድ ልጆቻቸውን ትተው የመጡ። ቲፑን ከጉዞው ዋጋ ጋር ከቤታችሁ ደምራችሁ ውጡ።

ከዚያ በላይ መጨመር የፈለገ በእጁ ይሰጣል። ጊዜው ማታ ነው። ጠዋት የክፍሉ ሠራተኛ እየሮጠ ስለሚሆን ላታገኙት ትችላላችሁ። የእኛን ክፍል የሚያጸዳው ልጅ ኢንዶኔዥያዊ ነበር። እማዬ ገንዘቡን ፖስታ ውስጥ አድርጋ በሁለት እጇ ሰጠችው። ከዚያ በአማርኛ መረቀችው። «እናትህን በሰላም አግኝ፣ የወለድከውን ሳም» እያለች። አንድም ቃል አልገባውም። ግን ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ምርቃቱ እስኪያልቅ ጎንበስ ብሎ ቆየ። ፖስታውን ያየው ከሄደች በኋላ ነው።

ማታ፣ ሁለት፦ ሻንጣው

ቁጥር ወይም ቀለም ያለበት የሻንጣ ወረቀት አስቀድሞ ክፍላችሁ ይመጣል። ለእያንዳንዱ ሻንጣ አንድ። ስትመጡ አየር መንገዱ ያሰረባችሁን አሮጌ ታግ ቆርጣችሁ ጣሉና ይሄን እሰሩ። ቁጥሩን በስልክ ፎቶ አንሱት፣ ጠዋት የምትጠሩት በእሱ ነው። ከዚያ ሻንጣውን ከምሽቱ 4 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ወረቀታችሁ በሚለው ሰዓት መሠረት፣ ከበራችሁ ውጭ ታቆማላችሁ። ሌሊት ሠራተኞች ይሰበስቡታል። ጠዋት ወደቡ አዳራሽ ውስጥ በቁጥር ተደርድሮ ይጠብቃችኋል።

እዚህ ላይ ነው እኔ የተዋረድኩት።

ጎበዝ ነኝ ብዬ የሁላችንንም ዕቃ የሸከፍኩት እኔ ነኝ። የእማዬን ልብስ አጣጥፌ፣ ጫማዋን በፌስታል ጠቅልዬ፣ ዚፑን ግጥም አድርጌ 4 ሰዓት ሳይሞላ በር ላይ አቆምኩ። ንጋት 11 ሰዓት ላይ እማዬ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ በእግሯ ወለሉን ትዳብሳለች። «ጫማዬስ?» አለችኝ። ጫማዋ ከመርከቡ ሆድ ውስጥ ከሺዎች ሻንጣ ጋር ነው። ለመታጠቢያ የያዘችው ሰማያዊ ነጠላ ጫማ ብቻ ቀርቷል። የሀበሻ ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ በፕላስቲክ ነጠላ ጫማ ቁርስ ገባች። በሄድንበት ሁሉ ቻፕ ቻፕ ይላል። አንድ ቃል አልተናገረችኝም። ብትናገረኝ ይሻል ነበር።

ስለዚህ ሻንጣ ከመዝጋታችሁ በፊት የነገውን ልብስ ከራስ እስከ እግር ወንበር ላይ አስቀምጡ። ነጠላ፣ ቀሚስ፣ የውስጥ ልብስ፣ ካልሲ፣ ጫማ። ወንበሩ ላይ የተሟላ ሰው የተቀመጠ እስኪመስል ድረስ። ከዚያ ነው ዚፕ የሚዘጋው።

ከእጃችሁ የማይለዩ ነገሮችም አሉ። ፓስፖርት፣ ገንዘብ፣ ወርቅ፣ ስልክና ቻርጀር፣ መነጽር፣ የጥርስ ብሩሽ። መድኃኒት ደግሞ የአንድ ቀን ብቻ ሳይሆን በሙሉ። የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት ሻንጣ ውስጥ ገብቶ ሻንጣው ቢጠፋ የሚሆነውን አስቡት። አረጋዊ ካለ ማታ ውሃ ውስጥ የሚቀመጠውን ሰው ሠራሽ ጥርስም አትርሱ። ሳቅ የለም፣ ይረሳል።

መርከቡ ሱቅ ውስጥ መጠጥ ወይም ሽቶ የገዛ ሰው ደግሞ በተቃራኒው ያስብ። የገዛችሁትን የመጠጥ ጠርሙስ ብዙ ጊዜ በጉዞው መጨረሻ ነው የሚያስረክቧችሁ። ከዚያ አውሮፕላን የምትይዙ ከሆነ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ፈሳሽ ብዙ ቦታ በእጅ ቦርሳ አያልፍም። በልብስ ጠቅልላችሁ ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ክተቱት።

ሌላ ምክር። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሻንጣ ሁሉ ጥቁር ነው። ጎማውም እጀታውም አንድ ዓይነት ነው። እማዬ ከአሮጌ ነጠላ ላይ የተቀደደ ጥለት እጀታው ላይ አስራበት ነበር፣ ቀይና አረንጓዴው ከሩቅ ይታያል። እንደ እሷ በቶሎ ሻንጣውን ያገኘ አልነበረም።

የተወሰደባችሁ ዕቃ ካለ

ይሄን የማነሳው የጅማ ሰው ስለሆንን ነው። እማዬ ያለ ቡና ሰባት ቀን አላድርም ብላ ጀበና፣ ትንሽዬ የኤሌክትሪክ ምድጃና ዕጣን ሻንጣዋ ውስጥ ይዛ ነበር። ስንሳፈር የዕቃ መፈተሻው ላይ ምድጃውና ዕጣኑ ተወሰዱ። መርከብ ላይ እሳት የመጨረሻው ክፉ ነገር ነው፣ ስለዚህ ምድጃም፣ ሻማም፣ ዕጣንም ብዙ መርከቦች ላይ ክልክል ናቸው። ጀበናውን ተዉላት። ሳምንቱን ሙሉ ጠረጴዛ ላይ ባዶውን ቆሞ ሲያየን ከረመ።

የተወሰደው ዕቃ ብዙ ጊዜ አይጣልም፣ ደረሰኝ ይሰጣችኋል። ደረሰኙን ከፓስፖርቱ ጋር አስቀምጡ። የሚመለስበት ቦታ ከመርከብ መርከብ ይለያያል። አንዳንዱ የመጨረሻው ማታ፣ አንዳንዱ ጠዋት መውረጃው አጠገብ ነው። ማታውኑ ጠይቁ፣ ከወረዳችሁ በኋላ መመለስ የለምና።

ጠዋት

ቁርስ በጊዜ ይከፈታል፣ በጊዜም ይዘጋል። 12:30 ላይ ብትሄዱ ሰላም ነው። 2 ሰዓት ላይ ብትሄዱ ቡፌው ትርምስ ነው። ጾመኛ ከሆናችሁ ፍራፍሬ፣ ዳቦና ማርማላታ አይጠፋም። አጃውን ግን በወተት ይሁን በውሃ የተሠራው ጠይቁ። በልታችሁ ስትጨርሱ ጠረጴዛውን ልቀቁ። ሻንጣ ሰብስቦ፣ ካርታ ዘርግቶ፣ ባዶ ስኒ ፊት ለፊት አድርጎ ቦታ መያዝ የዚያን ጠዋት ትልቁ ነውር ነው። ሳህን ይዞ የቆመ ሽማግሌ እያየ የሚቀመጥ ሰው አይቻለሁ። ፈረንጅም ይሉኝታ የሌለው አለው።

ክፍሉን ብዙ ጊዜ እስከ 2 ወይም 2:30 ድረስ ልቀቁ ይላሉ። ማጽዳት አይጠበቅባችሁም። ቆሻሻውን ቅርጫት ውስጥ፣ ያገለገለውን ፎጣ አንድ ቦታ መሰብሰብ ግን አይከብድም። ካዝናውን ከፍታችሁ ክፍቱን ተዉት። የመታጠቢያ ቤቱን በር ጀርባ፣ አልጋ ሥር፣ የአልጋውን አጠገብ ሶኬት እዩ። ለመዋኛ የተሰጣችሁን ፎጣ መልሱ፣ ካልመለሳችሁ ሂሳባችሁ ላይ ይጨመራል። ጋውኑም ያው።

ከዚያ መጠበቅ ነው። መርከቡ ቢቆምም የወደቡ ባለሥልጣናት ፈቃድ ሳይሰጡ ማንም አይወርድም። መጀመሪያ ሻንጣቸውን ራሳቸው የሚያወርዱት መንገደኞች፣ ከዚያ ቁጥር 1፣ ቁጥር 2 እየተባለ ይጠራል። የእኛ ቁጥር 14 ነበር። 5 ሲጠራ እግሬን በላኝ። ከጅማ አዲስ አበባ አውቶቡሱ ሳይቆም መተላለፊያው ላይ ቆመን የምናድግ ሰዎች ነን፣ ሌላው ሲንቀሳቀስ ተቀምጦ ማየት አይሆንልንም። ቦርሳዬን አንግቤ «እስቲ ልያቸው» ብዬ ወረድኩ። በሩ ጋ የቆመው ሠራተኛ ፈገግ ብሎ ቁጥሬን ጠየቀኝ። አሥራ አራት አልኩት። ፈገግታው ሳይቀንስ በእጁ ወደ ደረጃው አመለከተኝ። ብወርድስ ምን ላደርግ ነበር? ሻንጣዬ ገና አልወረደም። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ቆሜ እጠብቅ ነበር፣ ያውም ያለ ወንበር።

ስለዚህ ወንበር ያለበት ቦታ ፈልጋችሁ ተቀመጡ፤ ቲያትሩ፣ ካፌው፣ ከላይ ያለው ክፍት ቦታ። ማይኩ የሚሰማበት ቢሆን ይመረጣል። ደረጃ ላይ አትቀመጡ፣ ኮሪደር ላይ ሻንጣ አትደርድሩ። ሠራተኞቹ አንሶላ የተከመረበት ጋሪ እየገፉ የሚያልፉት በዚያው ነው። እግር ያለው ሰው በደረጃ ይውረድ፣ ሊፍቱ ለዊልቸርና ለጋሪ ይተው። እማዬን ይዘን ሦስት ሊፍት ሞልቶ አለፈን። ውስጡ ያሉት ጎረምሶች አንድ ፎቅ ሊወርዱ ነበር።

የዚያን ጠዋት ሠራተኛ ላይ መጮህ ደግሞ በጭራሽ። ጎህ ሳይቀድ የተነሱ ናቸው። እናንተ ስትሄዱ ከሰዓት ሌላ ሺህ ሰው ይቀበላሉ፣ በዚያው ፈገግታ።

መውረጃው

ቁጥራችሁ ሲጠራ ካርዳችሁን ቀድማችሁ ያዙ። በሩ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ይነበባል፣ ቲን ይላል፣ አለቀ። ከዚህ በኋላ «ቻርጀር ረሳሁ» ብሎ መመለስ የለም። በሩ ላይ ቆማችሁ ቦርሳ አትበርብሩ፣ ኋላችሁ ያለው ሰልፍ ብዙ ነው። ካርዷን ማስታወሻ አድርጋችሁ ልታስቀሯት ትችላላችሁ።

ሻንጣችሁን ስታገኙ የታጉን ስም አንብቡ። መልኩ የእናንተ ስለመሰለ ብቻ አትያዙ። ኩሊዎች አሉ፣ ጋሪ ይዘው ይመጣሉ። በሻንጣ ሁለት ዶላር ያህል በእጅ መስጠት የተለመደ ነው። ዝርዝር ዶላር ማታ አዘጋጁ።

ቀጥሎ ፓስፖርት ነው። ከአሜሪካ ተነስቶ አሜሪካ የሚመለስ ጉዞ ላይ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው እንደገና ወደ አሜሪካ እየገባ ነው። ቪዛው ብዙ ጊዜ የሚያስገባ መሆን አለበት። ይሄ ግን የመጨረሻው ጠዋት ሥራ ሳይሆን ትኬት ከመቆረጡ በፊት የሚታይ ነው። ሲጠይቋችሁ አጭር መልስ። ሰባት ቀን፣ ካሪቢያን፣ ከልጄ ጋር። እማዬ ስለ መርከቡ ምግብ ልታስረዳቸው ጀምራ ነበር፣ እህቴ እጇን ያዝ አደረገቻት።

ጉምሩኩ ላይ የሚያስይዘው ብዙ ጊዜ ቡፌው ነው። «መንገድ ላይ እንበላዋለን» ተብሎ ቦርሳ ውስጥ የገባ ሙዝ፣ ፖም፣ ሥጋ ያለበት ሳንዱች። ፍራፍሬና ሥጋ አይፈቀድም። የሚያነፈንፉ ውሾችም አሉ። እዚያው መርከቡ ላይ ብሉት ወይም ተዉት። ከ10,000 ዶላር በላይ የያዘ ሰው ማሳወቅ አለበት፣ የእኛ ችግር አይመስለኝም።

ስለ ቡናችን ግን ልናገር። የተቆላ ቡና ወደ አሜሪካ ይገባል። ጥሬውም ንጹሕ እስከሆነ ድረስ ወደ ዋናው ምድር ይገባል። ሃዋይና ፖርቶ ሪኮ ግን ራሳቸው ቡና አብቃይ ስለሆኑ ጥሬ ቡና አያስገቡም። ፖርቶ ሪኮ ያለው ሳን ሁዋን ደግሞ መርከቦች የሚነሱበትና የሚያርፉበት ወደብ ነው። ጉዟችሁ እዚያ የሚያልቅ ከሆነ ከሊሙም ይምጣ ከማና፣ ጥሬ ቡናውን መጀመሪያ ለልጆቻችሁ ቤት አድርሳችሁ ተሳፈሩ። የያዛችሁትን የምግብ ነገር ሁሉ ደግሞ ተናገሩ። ተናግሮ መወሰድና ደብቆ መያዝ ለየቅል ናቸው። ሁለተኛው ቅጣት አለው።

ውጭ

ስልኩን አሁን ከኤርፕሌን ሞድ አውጡ። የመርከቡ ዋይፋይ ከኋላችሁ ቀርቷል። ቤተሰብ ከተለያየ የት እንደሚገናኝ ማታ መነጋገር ያለባችሁም ለዚህ ነው። «በር ላይ» አይበቃም፣ በሩ ብዙ ነው። የሚወስዳችሁ ሰው ደግሞ ገና መርከቡ ሲቆም መጥቶ እንዳይጠብቅ ንገሩት። ሻንጣችሁን ይዛችሁ ስትወጡ ደውሉለት። ለመኪና ማቆሚያ ብዙ ጊዜ አይሰጡም፣ ፖሊሱ ይገፋዋል።

እኛ የወጣነው ከጠዋቱ 3 ሰዓት አልፎ ነው። እህቴ መኪና ልትጠራ ስትሄድ እማዬ ጥለቱ የታሰረበትን ሻንጣ አስተኝታ ዚፑን ከፈተች። ጫማዋን ከፌስታሉ አወጣች። ዊልቸሩን የሚገፋው ሰው ዞር ብሎ ጠበቃት። ነጠላ ጫማውን በዚያው ፌስታል ጠቅልላ ጠዋት ከተመለሰላት ምድጃ ጎን ሸጎጠችው። ቀና ብላ አየችኝና «በሚቀጥለው እኔ ነኝ የምሸክፈው» አለች።